በፎሌ፣ ከማዘጋጃ እስከ ለገሃር

አባቴ ሞተሩን የሚያጠፋው ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት፣ ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ማርሹን ወደ መሃል ይስበዋል፣ ቁልፏን ያዞራታል፣ ከኋላችን ሲንጫጫ የቆየው ሞተር ጭጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ሰይቼንቶዋ በቸርችል ጎዳና የምትወርደው በገዛ ክብደቷ ነው። የጎማው ሽውታ ይሰማል፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ይሰማል፤ ፍሬኑን ነካ ሲያደርገው ሲጥ ትላለች። ቴዎድሮስ አደባባይን ዞረን፣ ፖስታ ቤትን አልፈን፣ ለገሃር የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ስንደርስ ነው ቁልፏን መልሶ የሚያዞራት።

ሾፌሮች ይህን «በፎሌ መሄድ» ይሉታል። ቃሉን የተውልን ጣሊያኖች ናቸው። በእነሱ ቋንቋ ፎሌ እብድ ማለትም ነው፤ ማርሽ ያልያዘው ሞተር ለብቻው ይዞራልና።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር መዋል ልማዴ ነው። ከፊት ወንበር ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሞተሩ ጸጥ ሲል ጊዜ ወደ አባቴ ዞር ብለው፣

«ምነው ልጄ፣ ጠፋችብህ?» አሉት።

«አጥፍቻት ነው አባቴ። ቤንዚን ተወደደብን።»

«ታዲያ ትሄዳለችሳ?»

«ቁልቁለት አይደል? ትሄዳለች።»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንደ መንግሥታችን በላታ» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ከአጠገቧ የነበረው ወጣት ግን፣ «ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ነዋ!» አለ። አባቴ በመስታወቱ የኋለኞቹን ፊት አንድ በአንድ ተመለከተ። በዚያ ዘመን ታክሲ ውስጥ ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። ምንም ሳይናገር፣ ሳይስቅም፣ ለገሃር አደረሳቸው። ማታ ለእናቴ ሲነግራት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳቀ።

ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ሰኞ የካቲት 11፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች በሙሉ ቆሙ።

የዚያን ሳምንት ታሪክ መጻሕፍት ደጋግመው ጽፈውታል፤ የሚጽፉት ግን ከቤተ መንግሥቱና ከጦር ሠፈሩ በኩል ነው። እኔ ከሾፌሩ ወንበር በኩል ልንገረው። ምክንያቱም በዚች ከተማ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዝናብና ስለ መንግሥት በግልጽ መነጋገሪያ የነበረው ቦታ ታክሲ ነው፤ አነጋገሩም ቀልድ ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎት እንኳ ያ ቀልድ ስለ ዘመኑ ከጋዜጣው የበለጠ እውነት ይነግረኛል።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ሰይቼንቶ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ የፊያት 600 መጠሪያ ነች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የቀድሞዋ 633፣ የኋለኛዋ 767 ሲሲ። የነዳጅ ታንኳ ከፊት፣ ኮፋኖው ሥር፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ነው። የአባቴ መኪና ከአሮጌዎቹ ስለነበረች በሯ እንደ ቁም ሳጥን ወደ ኋላ ነበር የሚከፈተው፤ አንዳንድ ገበሬ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ እጀታውን በተቃራኒው በኩል ሲፈልግ አባቴ ወርዶ ይከፍትለት ነበር። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ ቀለም የተቀባች ነች። አራት ሰው ትጭናለች፤ ለአንድ ሰው ስሙኒ።

መኪናዋ የአባቴ አልነበረችም። ባለንብረቱ ማታ ማታ የቀን ገቢውን ይቀበላል፤ ገቢው የተቆረጠ ነው፣ ዝናብ ጣለ ሰው ጠፋ አይባልም። ቤንዚን የሚሞላው ሾፌሩ ነው። ጎማ ቢተነፍስ የሚያስለጥፈው ሾፌሩ ነው። ከዚያ የተረፈው ለቤቱ ይሆናል። ስለዚህ ታሪፉ ሳይነካ ቤንዚን ሲጨምር፣ ጭማሪው ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ከእኛ እንጀራ ላይ ነው የሚቆረሰው። ይህን ሒሳብ አባቴ ማታ ማታ በእርሳስ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ይሠራው ነበር። ካርቶኖቹን እናቴ ለእሳት ማቀጣጠያ አታውላቸውም ነበር፤ ይዛቸው ኖራለች።

ቤንዚኑ የተወደደው ደግሞ ከሩቅ በመጣ ነገር ነው። ጥቅምት ሊገባ ሲል የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ለእስራኤል ወዳጆች አንሸጥም አሉ፤ የበርሜሉ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ ከ11 ዶላር በላይ ደረሰ። ኢትዮጵያም ጥቅምት 13 ቀን 1966 ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ይህ ግን በዋጋው ላይ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። የስዊዝ ቦይ ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ እንደተዘጋ ነው። ድፍድፉ ከውጭ ይመጣል፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ይጣራል፣ ከዚያ በቦቴ አፋርን አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባል። በየካቲት መጀመሪያ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህል ጨመረበት። ታክሲው ግን ታሪፉን እንዳይነካ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሰሜኑ በድርቅ ተመትቶ ነበር። ወሎ ላይ በልጉም ክረምቱም ከድቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። የወሎን ነገር አባቴ የሰማው ከራዲዮ አልነበረም። የደሴን መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ጓደኛ ነበረው፤ መርካቶ ሲያራግፍ ይመጣና ከእኛ ቤት ቡና ይጠጣል። ገበሬው ከነልጆቹ አስፋልት ዳር ወጥቶ መኪና እንደሚያስቆም ነገረን። አንድ ቀን ሌሊት በፊት መብራቱ ያየውን ሲናገር መካከል ላይ አቁሞ ሲኒውን አስቀመጠ፤ አልጨረሰውም። እኔን «ሂድ ውጭ ተጫወት» አሉኝ።

ያን ጊዜ በሰው አፍ የሚመላለስ አንድ አባባል ነበር፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። የመንግሥት መልስም በሁለት እግሩ የቆመው እዚያ ላይ ነበር። ዝናቡ ለምን ቀረ? የሰማይ ነገር ነው። ቤንዚኑ ለምን ተወደደ? የዓረቦች ነገር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዝናቡን ጃንሆይ አላስቀሩትም፤ በርሜሉንም ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ አላስወደዱትም። ነገር ግን የወሎን ረሃብ ከሕዝብና ከዓለም የደበቀው ሰማይ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው እስኪያሳዩ ድረስ እንዳልነበረ ሆኖ የቆየው እዚሁ ከተማ ውስጥ በተወሰነ ውሳኔ ነው። የዋጋውን ጭማሪ ከባለንብረቱና ከመንግሥት ላይ አንሥቶ በሾፌሩ ትከሻ ላይ ያስቀመጠውም ዓረብ አልነበረም።

ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ቁልቁለቱ የተፈጥሮ ነው፤ ሞተሩን ያጠፋው ግን ሰው ነው። በሦስት ቃል ከሰማይ የመጣውንና ከሰው የመጣውን ለዩት። የታክሲ ቀልድ ዋናው ሥራ ይሄ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የማከብረውም ለዚህ ነው።

አድማው ላይ አባቴ መኪናዋን ግቢያችን አስገብቶ ሸራ አለበሳት። ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጮኸ፤ በሦስተኛው ቀን ዝም ብሎ ተቀምጦ ቡና ጠጣ። አባቴ ሥራ መፍታት አይወድም፤ ካርቡራቶሩን ፈትቶ በቤንዚን ያጥባል፣ ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ መልሶ ይገጥማል፣ በማግስቱ ደግሞ ይፈታል። እናቴ «ሳምንት ከሆነ ምን ልንበላ ነው?» ስትለው፣ «ብሠራስ ምን ልንበላ ነው?» አላት። መምህራኑም በዚያው ቀን ነበር ያደሙት። እነሱ የተቃወሙት «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ነው፤ የድሃው ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በላይ እንዳይሄድ ያደርጋል ብለው። ስለዚህ ለእኔም ትምህርት ቤት የለም፤ ቀኑን ሙሉ መፍቻ አቀባይ ሆንኩ። ከውጭ የአውቶቡስ መስታወት ሲሰበር፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማል።

ከዚያ በፊት፣ በጥር፣ ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች አምጸው ነበር። የእነሱ ጥያቄ የምግብና የውሃ ነው፤ የውሃ መሳቢያው ተበላሽቶባቸው መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሏቸው። የዚያን ዓመት ነገር ሁሉ ሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ውሃ፣ ቤንዚን፣ እንጀራ። ፖለቲካው በኋላ ነው ስም የተሰጠው።

የካቲት 16 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀርበው የቤንዚኑ ዋጋ መቀነሱን፣ የትምህርቱም ዕቅድ ለጊዜው መቆየቱን አስታወቁ። የካቲት 20 ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ለቀቁ። በማግስቱ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። አባቴ ሸራውን ገፈፈና ወደ ሥራው ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን ከጫናቸው ሰዎች አንዱ፣ ያን የሽማግሌውን ቀልድ እንደ አዲስ ነገር አድርጎ ነገረው። በጥቂት ቀን ውስጥ ከተማውን ዞሮ ተመልሶ መጥቶ ነው። አባቴ ከመጀመሪያው ሰው እንደሰማው አልነገረውም።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ሁሉም ሰው ቴሌቪዥን እንዲመለከት ተነገረ። እኛ ሠፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቡና ቤት ነው፤ በሩ ላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ቆሟል። እኔ በአባቴ ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። የታየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ ያነሣው፣ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም ነው። ነገር ግን እንዳለ አልቀረበም። የወታደሮቹ ደርግ ከመሃል ከመሃሉ ሌላ ሥዕል አስገብቶበታል። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብር። የሞተች እናት ትታያለች፤ ቀጥሎ ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። አንድም ቃል ማስረዳት አላስፈለገውም። በቡና ቤቱ ውስጥ ሰው እንደዚያ ጸጥ ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንዲት አሮጊት «ኧረ ጌታዬ፣ ኧረ ጌታዬ» ይላሉ፤ ሌላ ድምፅ የለም።

በማግስቱ ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን ጭነው ወሰዷቸው። መንገድ ዳር የቆመው ወጣት «ሌባ! ሌባ!» ይል ነበር። ሮልስ ሮይስ የለመዱትን ሰው በዚያች መኪና ማስቀመጥ ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን፣ የተገኘችው እሷ ብቻ ሆና ይሁን፣ ሕዝቡ የተረዳው አንድ ነገር ነው። የታክሲ ሾፌሮች ለዓመታት ሲያወሩት ኖረዋል።

ያ ፊልም በአገራችን ታሪክ ከተሠሩት የፖለቲካ ሽሙጦች ሁሉ የከበደው ይመስለኛል፤ ያሳየውም ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ሽማግሌው በሰይቼንቶ ውስጥ ከተናገሩት ጋር አንድ ላይ ላስቀምጠው አልችልም። ሽማግሌው ሲናገሩ አንገታቸውን ሰጥተው ነው። ፊልሙን የቀጠለው እጅ ግን ጠመንጃ ይዟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ያው እጅ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አክሊሉም እንዳልካቸውም ከእነሱ መካከል ነበሩ። አባቴ ዜናውን በራዲዮ ሲሰማ መኪናዋን ዳር አቁሞ ወረደ። ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም ብሎ አልተከራከረም። «ይኼ የእኛ አድማ አልነበረም» አለ፤ ከዚያ በላይ ስለ ፖለቲካ ሲናገር አልሰማሁትም።

እኔ በታክሲ ሥራ ላይ የደረስኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ ሾፌር። የሠራሁባት መኪና «ውይይት» ትባላለች። ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ፊት ለፊት ይተያያል። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የግዴታ የውይይት ክበብ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው እንደዚያ ተቀምጦ ሲያይ ስሟን አወጣላት። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እንዲታወቅም አይፈለግም ነበር።

በእኔ ውይይት ውስጥ ግን የሚወያይ ሰው አልነበረም። ቀይ ሽብር ያለፈበት ከተማ ነው። አሥር ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ሁሉም የየራሱን ጫማ ያያል። «ወራጅ አለ» ከሚለው በቀር ቃል የማይሰማባቸው ጉዞዎች ነበሩ። ቀልዱ ወዴት ሄደ ቢባል፣ ወደ ስሙ ገብቶ ተደበቀ እላለሁ። ማንም ምንም ሳይናገር «በውይይት ነው የመጣሁት» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሰሚው ይገባዋል፣ ተናጋሪው አይያዝም።

ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ሲያወጣ ግን በጽሑፍ ደፈረ። ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ግርግር ከውስጥ አይቶ ጻፈው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ከተሳፋሪዎቼ አንዷ በጋዜጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛው ነበር፤ አወቅሁት፣ ዓይኔን አነሣሁ፣ ሒሳብ ሳልቀበላት ወረደች። በየካቲት 1976 ደራሲው ጠፋ። ቮልስዋገኑ ከከተማው ዳር ባዶዋን ቆማ ተገኘች። ይህን ስሰማ ያ የ1967ቱ ጠዋት ነው የታወሰኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ይበልጥ ያሳምመኛል። መስከረም 1977 አብዮቱ 10 ዓመት ሞላው ተብሎ ከተማዋ በቀይ ጨርቅና በብርሃን ተጥለቀለቀች። ከክብረ በዓሉ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረምን ለዓለም አሳየ። እንደገና ዝናቡ ቀርቷል፤ እንደገና ረሃቡ ተደብቋል፤ ከዚህም ላይ ጦርነት ነበረበት። ያን የመስከረም 1 ፊልም እንደገና ቢቀጥሉት አንድ ሥዕል መለወጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የግብሩን ሥዕል አውጥቶ የ10ኛ ዓመቱን በዓል ማስገባት። ይህን ያየነው እኛ፣ በ1967ቱ ማታ በዚያ ቡና ቤት የቆምነው ሁሉ ነን። ማንም አልቀጠለውም። ቴሌቪዥኑ የእነሱ ነበር።

ስለ ኩፖን ዘመን፣ ማደያ ደጅ ስለማደር፣ ጄሪካን ሥር ስለ መተኛት ብዙ ልል እችላለሁ፤ በዕድሜዬ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። በ1983 መንግሥት ተለወጠ፤ በኋላ አሰብ የእኛ መሆኑ ቀረ፤ ነዳጁ በጅቡቲ በኩል ይገባ ጀመር። ሰይቼንቶዎቹ አልቀው የነበረ ሲሆን፣ ላዳ ታክሲዎቹ ደግሞ በተራቸው አረጁ። ሚኒባሱ ሲመጣ አፉ የሾለው «ዶልፊን» ተባለ፤ የኋለኛው በአንድ ባለሥልጣን ስም «አባዱላ» ተባለ፤ በአገር ቤት ብረት ተቀጥቅጦ አካል የተሠራለት አይሱዙ «ቅጥቅጥ» ሆነ፤ በፍጥነቱ ሰው የፈጀው የጭነት አይሱዙ «አልቃይዳ» ተባለ። እነዚህ ስሞች ለእኔ የዓመተ ምሕረት ያህል ናቸው። የታሪክ ተማሪ ልጄ መንግሥታትን በዘመን ስትከፍል፣ እኔ በመኪና ስም እከፍላለሁ፤ ብዙ ጊዜ እንገጣጠማለን። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የሚለጠፈው ጥቅስም የዚያው ወገን ነው። ቤንዚን ሲወደድ፣ ስኳር ሲጠፋ፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ይለወጣል። አንድ ሰው ሰብስቦ በቅደም ተከተል ቢያኖራቸው ምን ያህል ደስ ባለኝ።

በ2014 ማብቂያ ላይ መንግሥት የነዳጁን ድጎማ ቀስ በቀስ ያነሣ ጀመር። በ2017 አጋማሽ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። የተሰጠን መልስ የዓለም ገበያ ነው የሚል ነው። በቦረና በኩል ደግሞ ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተው ከብቱ አለቀ፤ መልሱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው የሚል ነው። አሁንም ሁለቱም እውነት ናቸው። የምድርን አየር ያሞቀው ጭስ ከማን እንደወጣ ተቆጥሯል፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሳይንቲስቶች የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ በዚያ ሙቀት መባባሱን አሳይተዋል። ሰማይ ይከሰሳል፤ ከሳሽ ከሆኑት አንዱ የቦረና አርብቶ አደር ነው፤ ክሱንም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ሆኖም በ1966 «የሰማይ ነገር ነው» ሲባል የሰማ ጆሮ አለኝ። ዛሬ በየስብሰባው «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ሲባል፣ የጎደለው የውሃ ጉድጓድ፣ የዘገየው እህል፣ ያልተጠገነው መሳቢያ በዚያ ቃል ሥር እንዳይገባ እፈራለሁ። የሽማግሌውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በየታክሲው እንዲኖር የምመኘው ለዚህ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከፒያሳ ለገሃር ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጸጥታዋን ያስተዋልኩት፤ የኤሌክትሪክ ናት። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉት በርክተዋል። ሕዳሴ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሏል፤ እኔም ከነልጆቼ ቦንድ የገዛሁበት ነው። ሾፌሩ 25 ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ እግሩን አነሣ፤ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቁልቁለቱን ያዘች። እጄ ሳላስበው ወደ ማርሽ ሄደ፤ ማርሽ የለም።

«ምነው ፋዘር?» አለኝ።

«በፎሌ እየሄድክ ነው?»

ሳቀና የፊት ሰሌዳውን በጣቱ አሳየኝ። ቁጥሩ 61 ነበር፤ ስናየው 62 ሆነ። «ይቺ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ መልሳ ትሞላለች። ቤንዚን ቢሆን የምትቆጥበው ነበር፤ ይቺ ግን ትሰበስባለች» አለ።

ቴዎድሮስ አደባባይን አልፈን ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ቁልቁለት ላይ ያተረፋት ጥቂት ጠብታ ታሰበችኝ። ከኋላ አንድ ሰውዬ ጨዋታችንን ሲሰማ ቆይቶ፣

«ወንድም፣ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ መብራት ሲጠፋስ?» አለው።

«ያን ጊዜማ» አለ ልጁ፣ «ወደ ላይ ገፍተናት ወጥተን፣ እንደገና በቁልቁለቱ እንለቃታለን።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ ጮክ ብሎ፣ ማንም ማንንም ሳያይ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ለገሃር መጨረሻ!» አለ።